የዓለምን በዓላት ለትንንሽ ልጆች ማስተማር፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ። የሌላ አገር በዓላትን ለልጆች ማሳየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። በወላጅ ስብሰባም፣ በመምህራን ማረፊያም፣ አንዳንዴም መርካቶ ሽንኩርት ስመርጥ የሚጠየቀው ነገር ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የምናገረው ከ7 እስከ 10 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው፤ ከዚያ በላይ ያሉትን የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ በራሳቸው መንገድ ቢሄዱ ይሻላል።

ልጆቻችን የራሳቸውን በዓል በቅጡ ሳያውቁ የቻይናው ምን ያደርግላቸዋል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ወላጅ የለም፤ እውነትም አለው። በመጀመሪያው ዓመት የዲዋሊን (የሕንድ የመብራት በዓል ነው) ሥዕል ቻርት ላይ ለጥፌ 20 ደቂቃ ያህል አወራሁ። ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡ። "ጥያቄ ያለው?" ስል አንዷ እጇን አወጣች፤ "ቲቸር፣ ሽንት ቤት መሄድ ይቻላል?"

አሁን የምነሳው ከቤት ነው። "በዓል ሲደርስ እናንተ ቤት መጀመሪያ የሚለወጠው ምንድን ነው?" እላለሁ። አንዱ ግድግዳ ይቀባል ይላል፣ ሌላዋ መጋረጃው ወርዶ ይታጠባል ትላለች፣ አንዱ ደግሞ "አባቴ ይቆጣል" ብሎ ክፍሉን አሳቀው (የበግ ዋጋ ሰምቶ ይሆናል)። ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩ በኋላ ነው ወደ ቻይና የምሻገረው። እዚያም አዲሱ ዓመት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ጥግ በጥግ ይጠረጋል፤ በዕለቱ ግን ብዙ ቤተሰብ መጥረጊያ አይነካም፣ የገባው ዕድል አብሮ እንዳይወጣ። ይህን የሰማ ልጅ አይረሳውም። በማግስቱ አንዷ ልጅ "እኛስ ቄጠማ የምንጎዘጉዘው ለምንድን ነው?" ብላ መጣች። እናቷን ጠይቃ፣ እናቷ አያቷ ጋ ደውላ፣ መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ ክፍል ደረሰ። የቻይናው በዓል ባይነሳ ኖሮ ያን ጥያቄ ማን ይጠይቀው ነበር? ቄጠማው እኮ ሁልጊዜም ከእግሯ ሥር ነበረ።

ከየትኛው በዓል ልጀምር?

ከፊትህ ከተቀመጡት ልጆች። ጅማ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ኢድና መውሊድ የሚያከብር፣ ጥምቀት የሚወጣ፣ ቤተሰቡ ኢሬቻ ላይ እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ወደ ውኃ ዳር የሚወርድ፣ ለመስቀል ጉራጌ አገር የሚገባ፣ በመስከረም የዘመን መለወጫቸውን ማሽቃሮን የሚያከብሩ የካፋ ዘመዶች ያሉት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የየም ልጅ ካለች ደግሞ ጥቅምት 17ን አትለፏት፤ የየም ሰዎች በዚያ ቀን ወደ ተራራ ወጥተው የመድኃኒት ዕፅዋት ይለቅማሉ። ለልጆች ይህን የመሰለ በዓል የለም። ተራራ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ሕመም አለ፣ ፈውስ አለ።

መስከረምንና ጥቅምትን በዚህ እንጨርሳለን። ወደ ውጭ የምንወጣው ብዙ ጊዜ በስግድ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ከአይሁድ የንስሐ ቀን ከዮም ኪፑር 50 ቀን ቆጥረው የሚያከብሩት በዓል ነው፤ ከጎንደር አካባቢ ይዘውት ሄደው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስራኤል ውስጥ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ልጆቹ "በዓል በአውሮፕላን ይሄዳል እንዴ?" ይላሉ። ይሄዳል።

በዓመት ስንት በዓል ይበቃል?

ከአገር ውጭ ያሉት አምስት፣ ቢበዛ ስድስት። አንድ ዓመት ዐሥር ሞክሬ ጃፓንና ሜክሲኮ ተቀላቅለውብኛል።

ኢድ በየዓመቱ ቀኑን የሚቀይረው ለምንድን ነው? የቻይናስ አዲስ ዓመት? ለ7 ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ላስረዳ?

በቡና። ጅማ ተቀምጠን ሌላ መቁጠሪያ አንፈልግም።

ክፍሌ ውስጥ 60 ልጆች አሉ። ለእያንዳንዳቸው 6 ፍሬ ጥሬ ቡና አድላለሁ። አምስት አምስት ሆነው ሲቆሙ የአንዱ ቡድን ቡና 30 ይሆናል፤ ይህ አንድ ወር ነው። ዐሥራ ሁለት ቡድን፣ ዐሥራ ሁለት ወር፣ 360 ፍሬ። እኔ እጅ ላይ 5 ፍሬ ይቀራል። "ይቺ ማናት?" ብዬ መዳፌን ስከፍት ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ጳጉሜ!" ይላል። በየአራት ዓመቱ ስድስተኛ ፍሬ እንደምትጨመርም ያኔውኑ እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ ጨረቃ ትመጣለች። የጨረቃ ወር አንዴ 29፣ አንዴ 30 ቀን ነው፤ ዐሥራ ሁለቱ ተደምረው 354 ግድም ይሆናሉ። ስለዚህ ከቡናችን 11 ፍሬ መውጣት አለበት። የእኔን አምስት እና የአንድ ልጅ ስድስት ወስጄ ኪሴ እከታለሁ። (ባዶ እጁን የሚቀረውን ልጅ ቀድማችሁ አናግሩት፤ አንድ ጊዜ ሳልነግረው ወስጄበት ሲያለቅስ ዋለ።) ሮመዳንና ኢድ በየዓመቱ በእነዚህ 11 ፍሬዎች ልክ ቀደም ይላሉ። "ታላላቆቻችሁ ልጅ ሳሉ ሮመዳን ክረምት ላይ ነበር፤ ቤት ሂዱና ጠይቁ" እላቸዋለሁ። ዞሮ ወደነበረበት ለመመለስ 33 ዓመት ያህል ይፈጃል።

ቻይናዎችም በጨረቃ ይቆጥራሉ፤ ነገር ግን በዓሉ እንደ ኢድ ቀደም ቀደም እንዳይልባቸው በሦስት ዓመት አንዴ ገደማ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። በዚህ የተነሳ አዲስ ዓመታቸው ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል እንጂ ክረምት ላይ አይወድቅም። እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ልጅ "እነሱም 13 ወር አላቸው!" ብሎ ይነሳል። የኢራን አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ ደግሞ ፀሐይን ነው የሚከተለው፤ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ በእኛ መጋቢት 11 ወይም 12 ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ቡናውን ሰብስቡ። መቼም ሞልቶ አይመለስም።

ይህ ሃይማኖት ማስተማር አይሆንም ወይ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካና ከባህል ተጽእኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል፤ እኔም በዚያው እሄዳለሁ። ክፍል ውስጥ "እናከብራለን" አልልም፤ "ያከብራሉ" ነው የምለው። ጸሎት አናስመስልም፣ መዝሙር አንዘምርም፣ ለምንም ነገር አንሰግድም።

ይህም ሆኖ ተሳስቻለሁ። ለዲዋሊ ከጭቃ ትንንሽ የዘይት መብራት ሠርተን ልጆቹ ወደ ቤት ይዘው ሄዱ። በማግስቱ አንድ አባት ጠዋት በሩ ላይ ጠበቁኝ። "መምህር፣ ልጄ ጣዖት ይዞ ገባ" አሉ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ዲዋሊን ሂንዱዎችም፣ ጃይኖችም፣ ሲኮችም እንደሚያከብሩት፣ ሁሉም የየራሳቸው ታሪክ እንዳላቸው፣ ጭቃው ግን መብራት ብቻ መሆኑን አስረዳኋቸው። የልጃቸውን ሥራ አገላብጠው አዩና "ኩራዝ ነው እንዴ?" አሉ። ኩራዝ ነው። እሳቸውም በኩራዝ አጥንተው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ስለ ጭሱ አውርተውኝ ሄዱ።

ጥፋቱ ግን የኔ ነበር፤ አስቀድሜ ማሳወቅ ነበረብኝ። አሁን ከሳምንት በፊት በልጆቹ ደብተር ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ የትኛው በዓል እንደሆነ፣ በእጃቸው ምን እንደሚሠሩ፣ ቅር የሚለው ወላጅ ካለ መጥቶ እንዲያነጋግረኝ። ልጄ አይሳተፍ ያለ ወላጅ ካለ ልጁ ያን ቀን የቀን መቁጠሪያውን ሥራ ይሠራል። አልከራከርም።

የበዓሉን ምግብ ማቅመስስ?

አልመክርም። በ2018 የቻይና አዲስ ዓመት የካቲት 10 ዋለ። ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ነው፤ ሮመዳንም በዚያው ሳምንት ተያዘ። ሥጋ በሊጥ ጠቅልዬ ላሳይ አስቤ ነበር፤ የቀን መቁጠሪያውን ሳየው ሐሳቤን ጣልኩት። ጾሙ ባይኖርም የማን ቢላ አረደው የሚለው ጥያቄ አለ፤ ጅማ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ኦቾሎኒ የሚያሳብጠው ልጅም ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ በወረቀት ጠቀለልነው። የቻይናው ጥቅልል ለልጆች ሲነገር "በውኃ የተቀቀለ ሳምቡሳ" ቢባል ቶሎ ይገባቸዋል፤ ቅርጹ የጥንት የብር ጥፍጥፍን ስለሚመስል ሀብት ያመጣል ይባላል። የግድ አንድ ነገር ይቀመስ ካላችሁ ቆሎ ቁሉ። በቆሎ የተጣላ ወላጅ እስካሁን አላየሁም።

ገንዘብም ቁሳቁስም የለንም። በምን እንሥራ?

በጣም የሚወደድልኝ ትምህርት ዋጋው አንድ ጣሳ ስንዴ ነው። ለኖውሩዝ ኢራናውያን በፋርስኛ "ሲን" በሚባለው ፊደል የሚጀምሩ ሰባት ነገሮች ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፦ ሰብዜ የሚሉት የበቀለ ስንዴ፣ ሲብ (ፖም)፣ ሲር (ነጭ ሽንኩርት)፣ ሰርኬ (ኮምጣጤ)፣ ሌሎችም። እኛ ደግሞ የራሳችንን በ"ሰ" ሠራን። ልጆቹ ተከራክረው የመረጡት ይህ ነው፦ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ስኳር፣ ሰፌድ፣ ሳር፣ ሲኒ። አንዱ "ሥጋ!" ብሎ ድርቅ አለ። ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው፣ ጠረጴዛችን የእሳቱ ሰ ነው ብዬ አሰናበትኩት። ዓመቱን ሙሉ ያልገባቸው የሁለቱ ሰ ልዩነት በዚያች ቀን ገባቸው። (ሳርም በድሮው አጻጻፍ በንጉሡ ነው የሚል ሽማግሌ ካለ ይቅር ይበለኝ፤ ልጆቹ ከጓሮ ነጭተው አምጥተውት ነበር።)

ስንዴው ከሁለት ሳምንት በፊት ተዘፍዝፎ ሰሃን ላይ ይሰጣል። በየቀኑ ውኃ ይረጩበታል፣ በማስመሪያ ይለኩታል። አንዲት እናት ልጇን ልታደርስ መጥታ መስኮቱ ላይ የተደረደረውን አየችና "ብቅል ነው እንዴ? ጠላ ልትጠምቁ ነው?" ብላ ሳቀች። ብቅል ነው። እዚያ ለበዓል ጠረጴዛ፣ እዚህ ለጠላ። ኢራናውያን በ13ኛው ቀን ወደ መስክ ወጥተው ቡቃያውን ወራጅ ውኃ ላይ ይጥሉታል። እኛ አዌቱ ወንዝ ዳር የምናደርሳቸው ሰው ስላጣን ልጆቹ ወደ ቤት ይዘውት ሄዱ። አንዷ ጓሮ ለታሰረችው በግ እንደሰጠቻት ነገረችኝ።

ሁለተኛው የጃፓን ዓሣ ነው። የጃፓን የልጆች ቀን ሜይ 5 ነው፤ እሱም የኛ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሚሆን በዋዜማው እንሠራለን። ጃፓኖች ያን ሰሞን ከጨርቅ የተሠራ ትልቅ ዓሣ እንጨት ላይ ይሰቅላሉ፤ አፉ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ሲገባበት ይነፋና የሚዋኝ ይመስላል። ዓሣው ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ብርቱ ነው ይባላል፤ ልጆችም እንዲያ እንዲሆኑ ነው። መጀመሪያ በወረቀት ሠራን፤ የጅማ የሚያዝያ ዝናብ ግማሽ ሰዓት አልሰጠንም፣ 60 ዓሣ አንድ ላይ ሟሟ። አሁን የምንሠራው በማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያውን በቁመቱ ቀዳችሁ ስፉት፣ አፉን በሽቦ ቀለበት ክፈቱት፣ ቅርፊቱንና ዓይኑን በማርከር ሣሉት፣ ሸንበቆ ላይ እሰሩት። ሰኔ ድረስ ይቆያል።

ለባህል ቀን ልጆቹን የየአገሩን ልብስ እናልብሳቸው?

እኔ ትቼዋለሁ። ኅዳር 29 ሲደርስ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወላጅ ለአንድ ቀን ልብስ ሊከራይ ይሯሯጣል፣ የተረፈው ልጅ ግን ቤት ይውላል። ልጁ ከዚያ ቀን ይዞ የሚወጣው የትኛው ሕዝብ ምን እንደሚለብስ ነው፤ የዚያ ሕዝብ ሰው በአዘቦት ቀን እንደሱ ሱሪ እንደሚለብስ ግን ሳይነገረው ይቀራል። የውጭ አገር ሰው ለመምሰል ዓይን ማጥበብ፣ ፊት መቀባት ደግሞ ክፍሌ ውስጥ ክልክል ነው።

በልብስ ፈንታ ከቤት አንድ ዕቃ ከነታሪኩ እንዲመጣ አደርጋለሁ። አንድ ልጅ የአያቱን በርጩማ በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጣ፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ፣ ባለ ሦስት እግር፣ የጅማ የራሷ ሥራ። መቀመጫው መሃሉ ሰርጉዷል። "አያቴ ናቸው ያሰረጎዱት፣ ቡና ሲያፈሉ" አለ። በቀላሉ የማይሰበር ነገር ይምጣ ብላችሁ ጻፉ።

ልጆቹ መንገድ ላይ ሰው አይተው "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ይጮሃሉ። ምን ላድርግ?

በቁጣ አይቆምም፣ ሞክሬዋለሁ። ከቻይና አዲስ ዓመት ትምህርት በኋላ "ሺን ኒየን ኳይ ለ" ማለትን አስተማርኳቸው፤ መልካም አዲስ ዓመት ማለት ነው። ሁለት ልጆች መንገድ ላይ ያዩትን ሰው እንዲህ ብለው ሰላም አሉት። ሰውየው ኮሪያዊ ሆኖ ተገኘ። የኮሪያውን ሰላምታም ተምረን ገባን።

ስለ ሜክሲኮ የሙታን ቀን ማስተማር ይከብዳል?

ለ2ኛ ክፍል አላነሳውም፤ ለ4ኛ ክፍል ይሆናል። ኖቬምበር 1 እና 2 (ጥቅምት 22 እና 23) ቤተሰቡ የሞቱበትን ሰዎች ፎቶ፣ የሚወዱትን ምግብና ብርቱካንማ አበባ አድርጎ ያስታውሳቸዋል። ከእኛ ተዝካርና ሙት ዓመት ጋር ሲነጻጸር ለልጆቹ እንግዳ አይሆንም። ከክፍሉ ልጆች መካከል በዚያ ዓመት ሰው የሞተበት ካለ ግን ይለፍ።

በአማርኛ ላስተምር ወይስ በአፋን ኦሮሞ?

መደበኛው ትምህርት በምን እንደሆነ ትምህርት ቤቱ ያውቃል። የበዓል ሰላምታን ግን በመጣበት ቋንቋ ነው የምናደርገው። ኢሬቻ ሲደርስ "ባጋ ጌሳን" የሚለውን አፋን ኦሮሞ የሚችሉት ልጆች ለጓደኞቻቸው ያስተምራሉ። ደረሳችሁ፣ እንኳን ደረሳችሁ ማለት ነው። እኛም "እንኳን አደረሳችሁ" ነው የምንለው። ሁለቱም ቀኑን መንገድ ያደርጉታል፣ ሰውን መንገደኛ። ይህን ያየችው እኔ ሳልሆን አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ናት። ኖውሩዝ ላይ ደግሞ "ኖውሩዝ ሞባራክ" ስል የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች "ሙባረክማ የኛ ነው!" አሉ።

ማርክ አለው?

የለውም።

ልጄ "ቻይናዎች ለልጅ በቀይ ፖስታ ገንዘብ ይሰጣሉ" ብሎ አስቸገረኝ። ምን ልበለው?

እውነቱን ነው፣ የነገርኩትም እኔ ነኝ። ሆንግባኦ ይባላል፤ ታላላቆች ለልጆች ይሰጡታል። በእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ይዞ በየቤቱ ሲዞር ከሚያገኘው ብዙም አይለይምና ፖስታውን ራሱ በቀይ ወረቀት ይሥራ፣ ከላዩም ሥዕል ይሣልበት። ለመስጠት ከወሰናችሁ ብሩ አዲስና ያልታጠፈ ይሁን። 4 ብርም አትስጡት፤ በቻይንኛ አራት የሚለው ቃል ሞት ከሚለው ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ በአራት መስጠት አይወደድም። ልጁ ይህንን ያውቃል፤ ዐሥር ብር እንዲሆንለት ይከራከርበታል።